የወልደሥላሴ ቡሽና የሀፊዛ ቤንዚን

ነገሌ ቦረና ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ ወልደሥላሴን ያውቀዋል። አዲስ ሞተር የገዛ ሰው ላያውቀው ይችላል፤ ወልደሥላሴም እንዲህ ያለውን ሰው የማወቅ ጉጉት የለውም። በሳጥን ታሽገው የሚመጡትን አዳዲሶቹን «የላስቲክ ፍየል» ይላቸዋል፤ ይጮኻሉ፣ ይፈጥናሉ፣ በሁለተኛው ዓመት ይሞታሉ። የእሱ ወዳጆች በደርግ ጊዜ ለእርሻ ባለሙያዎች የመጡት ከባባድ ሞተሮች፣ ሚሲዮኖች ትተዋቸው የሄዱት፣ ደግሞም የማን እንደነበረች ማንም የማያስታውሳት አንዲት የጣሊያን ሞተር ናቸው። በድምፃቸው ይለያቸዋል። ሚስቱ ብዙወርቅ የሰው ስም ሲጠፋበት ትታዘበዋለች፤ የሞተር ድምፅ ግን ጠፍቶበት አያውቅም።

ወደ ነገሌ የመጣው በወታደርነት ነው። የጦሩ መካኒክ ነበር። በ1983 ግንቦት ላይ ጦሩ ሲበተን ጓደኞቹ የሚሳፈሩበትን መኪና ፍለጋ ተራወጡ፤ እሱ ግን የትውልድ አገሩ ደብረ ታቦር ድረስ ተጉዞ ምን እንደሚሠራ አልታየውም። ብዙወርቅ እዚያው ነገሌ አስተማሪ ነበረች፤ ቤትም ነበራቸው። ስለዚህ ቀረ። ከካምፑ ሲወጣ የያዘው አንድ የመፍቻ ሣጥን ብቻ ነው። የመንግሥት ነው ወይስ የግሉ ብሎ ያኔ የጠየቀው የለም፤ እኛም አሁን አንጠይቀውም።

ስሙን ያወጣለት ትልቅ ሥራ አይደለም። አሮጌ ሞተር ሰልባትዮው ሥር፣ ማለትም ቤንዚን ከሚይዘው ታንክ በታች፣ አንዲት ትንሽ የነሐስ መክፈቻ አለችው። ስትከፈት ቤንዚኑ ወደ ካርቡራቶር ይወርዳል፤ ስትዘጋ ይቆማል። የሚያቆመው በመክፈቻዋ ሆድ ውስጥ ያለ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ቡሽ ነው። ቡሹ ከደረቀ ይኮማተራል፤ ከተኮማተረ ጠብ፣ ጠብ ማለት ይጀምራል። ሞተሩ ደህና ሆኖ ባለቤቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። መለዋወጫ እንዳይገዛ የእነዚያ ሞተሮች ፋብሪካዎች ከተዘጉ ዘመን ሆኗቸዋል።

ወልደሥላሴ ቡሹን ራሱ ይሠራዋል። የወይን ጠጅ ጠርሙስ ክዳን ይለቅማል፤ ከመኮንኖች ክበብ፣ ከሠርግ ቤት፣ የትም። ክዳኑን ይቀቅለዋል፣ በምላጭ ይቀርጸዋል፣ በጋለ ምስማር ይበሳዋል። መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ ኮማላካ ይቀባዋል። ኮማላካ አናጢዎች ቁምሣጥንና ወንበር የሚያብረቀርቁበት ቡናማ ሙጫ ነው፤ በስፒሪት ይሟሟል፣ ከደረቀ በኋላ ቤንዚን አይደፍረውም። ወልደሥላሴ እንዲህ አድርጎ የገጠመውን ቡሽ «አምስት ዓመት በእኔ ይሁንብህ» ብሎ ይሰጣል። እስከ 2002 ድረስ በዚህ ቃሉ የመጣበት ሰው አልነበረም። የኮራውም በዚህ ነበር፤ ብዙ የሚኮራበት ሌላ ነገር ስላልነበረው ይህችን አጥብቆ ይዟት ነበር።

ከእሱ ሱቅ ወደ ሊበን በሚያስወጣው መንገድ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሀፊዛ ቤንዚን ትሸጥ ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ሳለ መኪና ተገልብጦበት የሞተ፣ ተውፊቅ የሚባል አንድ ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ማደያው ከሳምንቱ ግማሹን ደርቆ ስለሚውል የሊበን ከብት አርቢም፣ የጤና ባለሙያም፣ አስተማሪም የሚቀዳው ከእሷ ጠረጴዛ ነው። ቦቴ የመጣ ዕለት ከማደያው በበርሜል ትቀዳለች፤ ከዚያ በነጭ ሻሽ እያጠለለች በላስቲክ ጠርሙስ ትደረድረዋለች። መክፈቻው ያንጠባጠበበትን ሰው ወደ ወልደሥላሴ ትልካለች፤ እሱም ጠግኖ ሲጨርስ ወደ እሷ ይልካል። አሥር ዓመት እንዲህ ኖረዋል።

በ2002 ጥቅምት ላይ አንድ ቡሽ አፈሰሰ። ወልደሥላሴ ክዳኑ አሮጌ ሆኖ ይሆናል ብሎ በነፃ ቀየረ። ኅዳር ሳይጋመስ አራት ሆኑ። ሰዎቹ ጨዋ ስለሆኑ ምንም አላሉትም፤ ምንም አለማለታቸው ነው እንቅልፍ የነሳው።

ከዚያ ጂሎ መጣ። ጂሎ የከብት ክትባት ባለሙያ ነው፤ ከሚሲዮን የቀረ ሞተሩን ወልደሥላሴ ካልነካው ሌላ ሰው አያስነካም። ያን ቀን ግን ሞተሩ በአይሱዙ ጀርባ ተጭኖ ነው የመጣው። ሊበን ውስጥ ሰው ከሩቅ ከብቱን ነድቶ ተሰብስቦ ይጠብቀው ነበር። መንገድ ላይ ጥላ ሥር አቁሞ ትንሽ አረፍ ብሎ ሲነሣ ሰልባትዮው ባዶ ሆኖ አገኘው፤ ቤንዚኑን አሸዋው ጠጥቶታል። የያዘው በረዶ ቀለጠ፣ መድኃኒቱ ተበላሸ፣ ከብቱም ሳይከተብ ተበተነ። በእግሩ ሄዶ ይቅርታ ሲጠይቅ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አዙረውበታል።

«ጋሼ፣ ናጋ ነው?» አለ ጂሎ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ናጋ ነው። ምን ሆነሃል?»

«የአንቱ ቡሽ ጣለኝ።»

ሱቁ ደጃፍ ላይ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ወልደሥላሴ መክፈቻዋን ፈታ። ቡሹ ወጣ፤ ልፍስፍስ ብሏል፣ ኮማላካው ተልጦ ከነሐሱ ጋር እንደ ማር ተጣብቋል። በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር አላየም። እውነቱን እንናገር ከተባለ በዚያች ደቂቃ ያሰበው ስለ ጂሎ አይደለም፣ ስለ ከብቶቹም አይደለም። ሁለቱ ሰዎች ማታ የትና የት ሄደው ምን እንደሚያወሩ ነው ያሰበው።

«ቤንዚን ከየት ቀዳህ?» አለ።

«ከሀፊዛ።»

ወልደሥላሴ የበፊቶቹን አራቱን አስታወሰ። እነሱም ከሀፊዛ ነበር የቀዱት። ማደያው ደርቆ በሰነበተበት ወር ሌላ ከየት ሊቀዱ ኖሯል? ይህን ግን አላሰበውም።

ወታደር ቤት ሳለ የተማራት አንዲት መፈተኛ ነበረችው። ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ውኃ ይጨመራል፤ ውኃው የደረሰበት ላይ ክር ይታሠራል። በላዩ ቤንዚን ይሞላና በደንብ ይናጣል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ቤንዚኑ ወደ ላይ፣ ውኃው ወደ ታች ይለያያሉ። ውኃው ከክሩ ጋር እኩል ከሆነ ቤንዚኑ ንጹሕ ነው፤ ከክሩ ካለፈ ግን ቤንዚኑ ውስጥ ሌላ ውኃ ነበረ ማለት ነው። እንዲህ ነበር ያስተማሩት። መጀመሪያ ለራሱ ያስቀመጠውን ቤንዚን ሞከረ፤ ከሞያሌ ማዶ፣ ከኬንያ፣ በጀሪካን የመጣ ነው፤ ውኃው ከክሩ ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ከጂሎ ጠርሙስ የቀረውን የሀፊዛን ሞከረ። ውኃው ከክሩ የጣት ውፍረት ያህል ከፍ አለ።

ሰውዬው እዚህ ላይ ቢያቆም፣ ሀፊዛን ለብቻዋ ጠርቶ ቢጠይቃት፣ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር። እሱ ግን የገበያውን ቀን ጠበቀ። ስሙ በሰው ፊት ተነክቷልና በሰው ፊት እንዲጠራለት ፈለገ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከሊበን የመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶ ሳለ፣ ሁለቱን ጠርሙሶች ይዞ ሀፊዛ ጠረጴዛ ላይ አቆማቸው። አገሩ ሁሉ የሚሰማቸው አባ ጃርሶ ከብት ሊሸጡ መጥተው በዚያ ሲያልፉ «ይዩልኝ» ብሎ አስቆማቸው። በእሷው ጠረጴዛ ላይ፣ በእሷው ቤንዚን፣ እንደገና ናጠ። ውኃው ከክሩ አለፈ።

«ጋሼ፣ እኔ ውኃ አልጨመርኩም» አለች ሀፊዛ።

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

ጠርሙሱን ወደ ዓይኗ አስጠጋው። ሀፊዛ አየችው። ክሩንም አየች፣ ከክሩ በላይ ያለውንም አየች።

«አላውቅም» አለች።

የጎዳት ይህ ነው። ብትሳደብ፣ ብታለቅስ፣ ቦቴውን ብትከስስ ሰው ይከራከርላት ነበር። እሷ ግን የማታውቀውን አላውቅም አለች። አባ ጃርሶ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አንሥተው ተመለከቱ። «ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ጠርሙሶችሽን አንሺ» አሏት። ቁጣ አልነበረባቸውም። ቁጣ ስለሌለበት ሰው ሁሉ ፍርድ አድርጎ ተቀበለው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሊበን ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛዋ ዘንድ የሚቆም ሞተር ጠፋ። ሦስት ሳምንት ቆይታ ዕቃዋን በጭነት መኪና አስጭና ልጇን ይዛ ወደራ ወደምትባለው ከተማ ሄደች።

ብዙወርቅ ነገሩን የሰማችው ከተማሪዎቿ ነው። «ሀፊዛ ቤንዚን በሻሽ ስታጠልል ስንት ዓመት ሳያት ኖሬያለሁ» አለች። «ውኃ የምትጨምር ሴት ለምን ታጠልላለች?»

«ለማስመሰል ነዋ።»

ብዙወርቅ ራቱን አቀረበችለትና ደብተሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ሃያ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ያወቀውን ግን እንዳላወቀ ሆኖ ራቱን በላ።

መቼም ቡሽ አያፍርም። ሀፊዛ ከሄደች በኋላም ማፍሰሱን ቀጠለ። ታኅሣሥ ላይ አምስት፣ ጥር ላይ ሰባት። ወልደሥላሴ ከተማው ጠቅላላ ሌባ ሆኗል ብሎ ደመደመ። ቤንዚን በጠርሙስ የሚሸጥ ሁሉ ከሀፊዛ ተምሯል አለ። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሌባ ማድረግ ቀለለው እንጂ አንዴ እንኳ የራሱን እጅ አልጠረጠረም፤ የመፈተኛዋን ጠርሙስማ በሕልሙም አልጠረጠራት።

ጥር ሊያልቅ ሲል ኮማላካ አለቀበትና አናጢው ሥዩም ዘንድ ሄደ። ሁለቱ የሰፈር ወዳጆች ናቸው፤ ሲገናኙ ካልተቀላለዱ የተኳረፉ ይመስላቸዋል። ሥዩም በቆርቆሮ ጣሳ ደረቅ ኮማላካ ላይ ስፒሪት እያፈሰሰ ነበር። አጠገቡ እንደ ድንጋይ የደረቀ ብሩሽ ተጋድሟል።

«ይኼን ብሩሽ ውኃ ውስጥ ብትዘፈዝፈው ምናለ፣ ሰነፍ» አለው ወልደሥላሴ።

«አንተ ከወታደር ቤት ይዘኸው የመጣኸው ዕውቀት እንዲህ ነው?» ሥዩም ሳቀ። «ኮማላካ በውኃ? ዓመት ብትዘፈዝፈው አይለቅም። አልኮል ነው እንጂ የሚያስለቅቀው።»

ወልደሥላሴ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ሥዩም ያለውን እሱም ያውቀዋል። ሃያ ዓመት ኮማላካ በስፒሪት ሲያሟሟ ኖሯል። ተልጦ ነሐሱ ላይ እንደ ማር የተጣበቀው ኮማላካ ዓይኑ ላይ መጣ። ያን የላጠው ውኃ ሊሆን አይችልም። የሥዩም አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው? አመመህ?»

«ሥዩም፣ ቤንዚን ውስጥ አልኮል ከየት ይመጣል?»

«ሬዲዮ አትሰማም እንዴ?» አለ ሥዩም፣ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ እየነከረ። «ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣውን አልኮል ቤንዚን ላይ እየቀላቀሉት ነው ተብሏል። ኤታኖል ይሉታል። ከጀመሩ ቆዩ እኮ። አገር ያወቀውን አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው።»

ወልደሥላሴ ኮማላካውን ሳይወስድ ወጣ። ያን ቀን እንደ አጋጣሚ ቦቴ ገብቶ ማደያው ይሠራ ነበር። ተሰልፎ ከማደያው ቱቦ በራሱ ጠርሙስ አንድ ሊትር አስቀዳ፤ የማንም እጅ ያልነካው ነው። ቤቱ ጓሮ ውኃ አድርጎ፣ ክር አሥሮ፣ ናጠ። ውኃው ከክሩ የጣት ውፍረት ያህል አለፈ። ከሞያሌ ማዶ በመጣው ቤንዚኑ ላይ ደግሞ አንድ ክዳን ስፒሪት ጠብ አደረገና እንደገና ናጠ። ያም አለፈ። አልኮሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውኃው ጋር ስለሚቀላቀል ነው የሚያሳብጠው። ሀፊዛ ከማደያ የገዛችውን ነው የሸጠችው። ጠብታ ውኃ አልጨመረችም።

አፈረ፤ ፈራም። ይህን አውጥቶ ከተናገረ ወልደሥላሴ መባል ምን ይቀረዋል? የገዛ ሙጫው በምን እንደሚሟሟ ማሰብ ያቃተው፣ አባት የሌለው ልጅ የምታሳድግ ሴት ከአገር ያባረረ መካኒክ ይሆናል። ስለዚህ ዝም አለ። ለብዙወርቅም አልነገራትም።

ይልቅ መላ ፈለገ። ኮማላካን ተወ፤ ቡሽንም ተወ። ከተጣለ የቦቴ ቱቦ ማሰሪያ ጥቁር ወፍራም ጎማ አገኘ፤ ከነዳጅ ጋር ውሎ የሚያድር ነገር ነውና አልኮሉንም ሳይችለው አይቀርም ብሎ በምላጭ ቀርጾ ገጠመው። አንድ ሳምንት ጠርሙስ ውስጥ ዘፈዘፈው፤ አላበጠም፣ አልላላም። የጂሎን ሞተር፣ ቀጥሎ የሌሎቹን እንዲህ እያለ ቀየረ። ማፍሰሱ ቀጥ አለ።

ነገር የከፋው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ጂሎ ደስ ብሎት መጣ፤ ከሊበን ማር ይዞለት ነበር።

«አዩ ጋሼ» አለ፣ «ሀፊዛ ሄዳ ይኸው አሁን አንድ ጠብታ አያፈስም። ሊበን ሁሉ ስለ አንቱ ነው የሚያወራው። በዓይን የማይታይ ሌባ ይዘው አወጡ ይሉዎታል።»

ወልደሥላሴ ማሩን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጂሎ ከሄደ በኋላ ሱቁን በቀን ዘግቶ ቤቱ ገባ፤ ለብዙወርቅም አንድ ሳያስቀር ነገራት። ብዙወርቅ የተማሪ ደብተር እያረመች ነበር። እስኪጨርስ ቀና አላለችም።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችው። «ያዋረድካት ገበያ መሐል ነው።»

ደብተሯን ማረም ቀጠለች።

ወልደሥላሴ ነገሌ ሲኖር ስንት ዘመኑ ነው፤ ኦሮምኛው ግን ከሱቁ ደጃፍ አያልፍም። ዘይት፣ ጎማ፣ ነገ ና፣ አለቀልህ፤ በዚህ ነው የኖረው። ሀፊዛን ሲከስሳት በአማርኛ ነበር፤ ቀሪውን ሰው ራሱ ተርጉሞ አደረሰለት። አሁን ግን ተርጓሚ አላመነም። ጂሎን አስጠርቶ እውነቱን ነገረውና አራት ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ እንዲያስተምረው ጠየቀው። ጂሎ መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አስተማረው።

ቅዳሜ፣ ሀፊዛ ጠረጴዛዋን ትዘረጋበት ከነበረው ቦታ ላይ ቆመ። አባ ጃርሶ ዘንድ አስቀድሞ ሰው ልኮ ነበርና መጡ። ከማደያ የተቀዳውን በሰው ፊት ናጠ፤ ውኃው ከክሩ ሲያልፍ አሳየ። ከዚያ አራቱን ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ሀፊዛ ውኃ አልጨመረችም። ቤንዚኗ ከማደያው ጋር አንድ ነው። ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አነጋገሩ የሚያስቅ ነበር፤ አንዳንድ ልጆች ሳቁ፣ ትልልቆቹ ግን አልሳቁም።

«ስሟን በአደባባይ አነሣህ፤ በአደባባይ መለስክ» አሉት አባ ጃርሶ። «ደግ አደረግህ። ግን ሴትዮዋ የለችም። ለማን ነው የመለስከው?»

በማግስቱ ሦስቱ፣ ወልደሥላሴ፣ አባ ጃርሶና ጂሎ፣ ወደራ ሄዱ። ሀፊዛን ገበያ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ስትሸጥ አገኟት። አባ ጃርሶን ስታይ ተነሥታ «አካም? ናጋ?» ብላ ተቀበለቻቸው፤ ጆንያ አንጥፋም አስቀመጠቻቸው። ወልደሥላሴ አልቀመጥ አለ። ቆሞ ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ አልኮሉን፣ ኮማላካውን፣ ክሩን፣ ዐውቆ ዝም ያለበትንም ጊዜ ጭምር። ይቅርታም ለመነ።

«ይቅር ብያለሁ» አለች ሀፊዛ። «ሽማግሌ ይዘው መጥተው እንቢ አልልም። ነገሌ ግን አልመለስም።»

«ለምን? ገበያ ወጥቼ ተናግሬያለሁ እኮ። ሰው ሰምቷል።»

«ተውፊቅን ትምህርት ቤት ‹ውኃ› እያሉ ነበር የሚጠሩት። አንድ ቀን ደብተሩን ጥሎ መጣ። የጠሩት ልጆች ያን ቅዳሜ ገበያ አልነበሩም ጋሼ። አንቱ የከሰሱኝን ያልነበረ ሁሉ ሰምቷል። አሁን የተናገሩትን ማን ይወስድልኛል?»

ቲማቲም ሊገዛ ሰው ስለመጣ ሀፊዛ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወልደሥላሴ ሱቅ የገባ ሞተር ሁሉ ያለ ታሪክ አይወጣም። መክፈቻዋን ከመፍታቱ በፊት ይጀምራል፤ እዚህ ሀፊዛ የምትባል ሴት ነበረች፣ ቤንዚኗ ንጹሕ ነበር፣ አንድ መካኒክ በሐሰት ከሰሳት፣ መካኒኩ እኔ ነኝ። ለጭነት መኪና ሾፌር ይነግራል፣ ለረዳት ይነግራል፣ ለሊበን፣ ለፊልቱ ሰው ይነግራል። መፍቻ ሊዋስ ለመጣ ሳይቀር ይነግራል። ሥዩም «ኑዛዜህን ዛሬ ስንቴ አደረስክ?» እያለ ያበሽቀዋል። ደንበኛ ሰለቸው። አንዳንዱ ታሪኩን ላለመስማት ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄደ፤ ሌላው መካኒክ ደግሞ ያን ጎማ መቅረጽ አያውቅበትምና አንጠባጥቦ ተመለሰ። ወልደሥላሴ እንደገና ነገረው።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ አለፈ። በ2011 የካቲት ላይ አንድ የማያውቀው ጎልማሳ ያረጀ የእርሻ ሞተር እየገፋ መጣ። ከወደራ ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው፤ ለልቅሶ ፊልቱ ደርሶ ሲመለስ መክፈቻው ጠብ፣ ጠብ ብሎ ነገሌ ላይ አቆመው። ወልደሥላሴ በርከክ ብሎ መክፈቻዋን መፍታት ጀመረ፤ ሊነግረውም አፉን ከፈተ። ሰውዬው ቀደመው።

«ቤንዚኑ እንደሆነ ጥፋት የለበትም አባቴ። ከሀፊዛ ነው የቀዳሁት።»

ወልደሥላሴ መፍቻውን ያዝ አደረገ። «የቷ ሀፊዛ?»

«የወደራዋ ነዋ። አልሰሙም? ድሮ እዚሁ ነገሌ ነበረች አሉ። አንድ ሰካራም መካኒክ አግቢኝ ብሏት እንቢ ብትለው፣ በስርቆሽ በርሜሏ ውስጥ ውኃ ጨምሮ ገበያ መሐል ሌባ አላት። በኋላ እግዜር አጋለጠው። ወደራ ድረስ መጥቶ እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ ይባላል።»

ወልደሥላሴ በዕድሜው መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። አግቢኝ አለ የሚለውንም ብዙወርቅ ብትሰማ ትስቅ ነበር።

«ከዚያስ?» አለ፣ ያረጀውን ቡሽ በመርፌ እየጎተተ።

«ከዚያማ ሰው ጠረጴዛ ገዝቶ ቤንዚን ሽጪልን አላት። ዛሬ ማደያ እያለ ሰው አልፎ ከእሷ ይቀዳል። ያ ከሳሿ እንኳ ንጹሕ ነው ብሎ የመሰከረላት ቤንዚን ነው ይላሉ።»

«ልጅ ነበራት።»

«ተውፊቅ? ቦቴ ይነዳል። ጎበዝ ልጅ ነው።»

ወልደሥላሴ ጎማውን ቀረጸ፤ ለካ፣ እንደገና ቀረጸ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር ምላጩን ሁለት ጊዜ አስቀምጦ በክንዱ ጠረገ፤ ሰውዬው የቤንዚን ሽታ መስሎት ፈቀቅ አለለት።

«መካኒኩስ?» አለ።

«ሞቷል አሉ። የእጁን ነው ያገኘው።»

ጎማው ገባ። መክፈቻዋን ገጠማት፣ ቤንዚን ሞላ፣ ዘጋት፤ ከሥሯ ነጭ ወረቀት አነጠፈ። ሁለቱም ወረቀቱን እያዩ ትንሽ ቆዩ። ጠብታ አልወረደም።

ሰውዬው ተደሰተ። ሞተሩን አስነሥቶ ከወጣ በኋላ አቆመና ዞረ። «አባቴ፣ እኛ አገር አሮጌ ሞተር ብዙ ነው። እንድልክልዎት ስምዎን ይንገሩኝ።»

ወልደሥላሴ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ።

«ስም አያስፈልግም» አለ። «ስትመለስ ከሀፊዛ ቅዳ። ታሪኩንም እንዳወራኸው አውራው።»